ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ፦ ያረጁ የመብራት ሳጥኖች የደበቁት አደጋ

ጎንደር፦ በከተማዋ አሮጌ ሰፈሮች እንጀራ በሚጋገርበት ዕለት የቤት መብራት ድርግም ማለቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ምጣዱ ገና ሳይግል ብሬከሩ ይወርዳል። ከቤቱ አንዱ ወንበር ላይ ወጥቶ ይመልሰዋል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ከሰፈር ተጠርቶ የሚመጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ባለ 16 አምፔሩን ብሬከር አውጥቶ ባለ 32 ይተካል፤ ሳጥኑ የሸክላ ፊውዝ ያለው ከሆነ ደግሞ የተቃጠለውን ክር በወፍራም የመዳብ ሽቦ ይለውጣል። መብራቱ ከዚያ በኋላ አይጠፋም። አደጋው ግን የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

ብሬከር ምጣዱን ለመጠበቅ የተሠራ አይደለም፤ በግድግዳና በኮርኒስ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ይጠብቃል። ሽቦው ከሚችለው በላይ ኀይል ሲያልፍበት ይግላል፤ ፕላስቲክ ልባሱ ይለሰልሳል፤ በመጨረሻም ይነዳል። 3 ሺህ 500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ለአምፖልና ለሬዲዮ ተብሎ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ የተዘረጋ ቤት ይህንን ለሰዓታት ሊሸከም አይገባውም። ፊውዙ ላይ የተጠመጠመው የመዳብ ሽቦ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው እስከ 80 አምፔር አካባቢ ሳይቀልጥ ይቆያል። እንዲህ ባለው ቤት ቀድሞ የሚቀልጠው የግድግዳው ሽቦ ልባስ ነው።

ጤነኛ ብሬከር በሁለት መንገድ ይሠራል። ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ቀጭን ምላስ ጭነት ሲበዛ ቀስ ብሎ ግሎ ይታጠፍና ብሬከሩን ያወርደዋል። ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ደግሞ ትንሽ ማግኔት በቅጽበት ይቆርጠዋል። በዓለም አቀፉ ደረጃ ባለ 16 አምፔር ብሬከር 23 አምፔር ሲያልፍበት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ሊታገሥ ይፈቀድለታል። ስለዚህ ደጋግሞ የሚወርድ ብሬከር ብዙ ታግሦ ነው የወረደው፤ "ተበላሸ" ተብሎ ከመጣሉ በፊት የተሸከመው ጭነት መታየት አለበት።

የከፋው የማይወርደው ነው። የማዕድ ቤት ጭስ፣ አቧራና የክረምት እርጥበት ለዓመታት የገባበት ብሬከር ውስጡ ይደርቃል፤ ጸደዩ ይሰንፋል፤ የሚነካኩት ብረቶች ይቃጠላሉ። ከውጭ ሲታይ ግን እጀታው ወደ ላይ ነው፤ መብራቱም በርቷል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በብዙ ቤቶች የተገጠመው የፌዴራል ፓሲፊክ "ስታብ ሎክ" ሳጥን ለዚህ ስመ ጥፉ ምሳሌ ነው። በፍተሻ ብዙዎቹ ብሬከሮች መውረድ ሲገባቸው ሳይወርዱ ቀርተዋል። የሀገሪቱ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ምርመራውን በ1983 ቢዘጋውም ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ሳጥኑ እንዲቀየር ይመክራሉ።

አዲስ ብሬከር እንኳ የማያየው ጥፋት አለ። የሽቦው ጫፍ የታሰረበት ብሎን ሲላላ ኀይሉ በጠባብ ቦታ እየተጋፋ ያልፋል። በ16 አምፔር ላይ የላላው ቦታ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢያግድ 25 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። ይህም ሬዲዮ ጠጋኞች ቆርቆሮ ከሚያቀልጡበት ካውያ ጋር የሚቀራረብ ነው። ጭነቱ ስላልጨመረ ብሬከሩ ምንም አያውቅም። ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ ሁሉም በአንድ ቃል "ኮንታክት ነው" ቢባልም መነሻው እንዲህ ያለ የላላ ብሎን ሊሆን ይችላል። ምልክቶቹ አስቀድመው ይታያሉ፦ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ጠርዝ፣ እዝዝ የሚል ድምፅ፣ ሲነካ የሚሞቅ ክዳን።

የደጋው አካባቢ የራሱ ጠባይ አለው። የቤት ብሬከሮች ደረጃ የወጣው እስከ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ጎንደር ከዚህ ጥቂት ትበልጣለች፤ ደባርቅ ደግሞ 2 ሺህ 800 ሜትርን ታልፋለች። አየሩ ሲሳሳ ሙቀትን የመውሰድና ብልጭታን የማፈን አቅሙ ይቀንሳል። የደጋው ብርድ የሙቀቱን ጉዳይ በከፊል ስለሚያካክስ ልዩነቱ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሆኖም ሳጥንን ያለ ትርፍ አቅም እስከ ጫፍ መጫን በደጋ የበለጠ አይመከርም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የጋራ ቆጣሪ ነው። በገጠር ከተሞች አንዱ ያስገባውን መብራት ሦስትና አራት ጎረቤት ሲስበው፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተቸነከረችው አንዲት ሳጥን የመንደር ማከፋፈያ ትሆናለች። ማገዶ በተወደደ ቁጥር ምጣዱም ይበዛል፤ ሽቦው ግን ያው የዱሮው ነው።

ሳጥን ሲቀየር ሥራው ከሽቦው ይጀምራል። ለምጣድ ከሳጥኑ በቀጥታ የሚሄድ፣ ከ4 ሚሊ ሜትር ካሬ የማያንስ መዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። ለመብራት 10፣ ለሶኬት 16 አምፔር የተለመደ ልክ ነው። ወደ መሬት የተቀበረ የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ሳጥኑ ቢታደስም ሰው ከመንዘር አይድንም። በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው "አርሲዲ" የሚባለው መሣሪያ ሰውን ለማዳን የተሠራ ነው፤ ተራ ብሬከር ይህን አያደርግም።

እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኀላፊነት ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የባለቤቱ ነው። ለሥራው የብቃት ማረጋገጫ ያለውን ባለሙያ መጥራት ይገባል። ቆጣሪው ራሱ ከሸተተ ወይም ከጠቆረ ማሸጊያውን መፍታት ለማንም አልተፈቀደም፤ ለተቋሙ በ905 ይደወላል። እስኪመጡ ድረስ ዋናው ብሬከር ይውረድ፤ የዕለቱ እንጀራም በማገዶ ይጋገር።