ለተተከለ ጥርስ አጥንት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ሰፕሊመንት ከመግዛታችን በፊት



ከገፈርሳና ከቡራዩ እየተመላለሱ የሚማሩ ጀመዓዎቻችን የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ጥርሴ ተነቅሎ ኢምፕላንት ልተከል ነው፤ አጥንቱ ቶሎ እንዲይዝ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ዲና ኦሜጋ 3 ግዛ ተባልኩ። ልግዛ?» ተከላው ራሱ ለተማሪ ኪስ ከባድ ስለሆነ፣ በላዩ ላይ የሚወጣው ብር ፋይዳ እንዳለው ማወቅ ይገባናል።

ኢምፕላንት በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን ነው። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሐድ ያስተዋለው ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር-ኢንግቫር ብሮነማርክ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው ታካሚ የተከለውም በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ብሎኑ እንደገባ የሚይዘው በጥብቀቱ ብቻ ነው። በቀጣዮቹ ሳምንታት ሰውነታችን በዙሪያው ያለውን የተጎዳ አጥንት አፍርሶ አዲስ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል።

አዲሱ አጥንት እንደ ጭቃ ቤት ነው። ማገሩ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ እሱን ለመሥራት ፕሮቲንና ቫይታሚን ሲ ያስፈልጋል። ጭቃው ካልሲየምና ፎስፈረስ ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ አንጀታችን ካልሲየሙን ከምግብ እንዲወስድ የሚያደርግ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ሥራው ይጓተታል። ሁሉም ከተሟላ ግን ጭቃ ስለጨመርን ቤቱ ቶሎ አይቆምም። የሰፕሊመንት ነገር በአጭሩ ይኸው ነው፦ የጎደለን ይሞላል፤ በሞላ ላይ ግን ብዙ አይጨምርም።

ጥናቶችም ከዚህ አይርቁም። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች፣ በተለይ እጥረት ባለባቸው ላይ፣ ቫይታሚን ዲ በብሎኑ ዙሪያ አጥንት እንዲበዛ ረድቷል። በሰዎች ላይ የተገኘው ውጤት ግን የተደባለቀ ነው። ኦሜጋ 3 ተከላን እንደሚያፋጥን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም።

ታዲያ እጥረቱ እኛ ጋር አለ ወይ? አለ። በአዳማና አካባቢዋ በተማሪዎች ላይ ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 42 በመቶ ያህሉ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ በከተማ 62 በመቶ ገደማ፣ በገጠር ግን 21 በመቶ ገደማ ነበር። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለበት አገር ልዩነቱን ከሚያመጡት አንዱ ቤት ውስጥ መዋል ነው። ገፈርሳም ደጋ ነው፣ ፀሐዩም አይጠፋም፤ እኛ ግን በማለዳ ታክሲ ገብተን፣ ቀኑን በክፍልና በላይብረሪ አሳልፈን፣ ሲመሽ እንመለሳለን። ሒጃብና ኒቃብ የሚለብሱ እህቶቻችንም ከሰው ዓይን በተከለለ ግቢ ክንድና እግራቸውን ፀሐይ ቢያስነኩ ይጠቅማቸዋል።

በምግብ በኩል ጤፍ ከብዙዎቹ እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው። ወተት፣ እርጎና ጎመን፣ ለፕሮቲን ደግሞ ሽሮ፣ ምስርና እንቁላል አሉልን።

ቫይታሚን ዲን በብዛት መውሰድ ግን ጉዳት አለው። ሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም ከመጠን በላይ ያደርጋል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ለአዋቂ በቀን የሚመከረው 600 ዩኒት ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ4,000 ማለፍ አይገባም።

እንደ ሙስሊም ሁለት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ የብዙ እንክብሎች ሽፋን ጄላቲን ነው፤ ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛ፣ አጥንቱ ሳስቶ መሙያ ካስፈለገ፣ የሚጨመረው ዱቄትና የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ከእንስሳ የተገኘ ሊሆን ይችላል፤ ከአሳማ የሚሠሩም አሉ። ከቀዶ ሕክምናው ቀን በፊት ሐኪሙን ምንጩንና አማራጩን መጠየቅ መብታችን ነው። አማራጭ ከጠፋ ዑለሞችን እንጠይቅ። በረመዷን የታዘዘ ኪኒን ካለም፣ በኢፍጣርና በሱሑር መካከል መውሰድ ይቻል እንደሆነ ከሐኪሙ ጋር እንነጋገር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦

1. ከተከላው በፊት የቫይታሚን ዲና የስኳር ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን እንጠይቅ።
2. እጥረት ከተገኘ በታዘዘው መጠን ብቻ እንውሰድ።
3. ጥቁር አዝሙድን ጨምሮ የምንወስደውን ሁሉ እንንገር፤ ደም የሚያቀጥኑ ነገሮች አሉና።
4. ሲጋራና ሺሻን እንተው፤ የድድ ሕመምን እናስታክም። ማጨስ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳርና የድድ ኢንፌክሽን ያበላሹትን ተከላ የትኛውም እንክብል አይመልሰውም።

ሰውነታችን አማና ነው፤ ገንዘባችንም እንዲሁ። ሁለቱንም በዕውቀት እንጠብቅ። ወላሁ አዕለም።