በሰዓት 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም

ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲቀበሩ ዋሽንግተን በጋዜጠኞች ተጨናንቃ ነበር። ዓይን ሁሉ ያረፈው በሬሳ ሳጥኑ፣ በባለቤታቸውና ከየአገሩ በመጡት መሪዎች ላይ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በቦታው ነበሩ። የኒው ዮርክ ሄራልድ ትሪቡኑ ጂሚ ብሬስሊን ግን መቃብሩን የቆፈረውን ሠራተኛ ፈልጎ አገኘና ስለ እሱ ጻፈ። ሰውየው እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለ በስልክ ለሥራ ተጠራ። በሰዓት የሚከፈለው 3 ዶላር ከ1 ሳንቲም ነበር። በማግስቱ ሥርዓቱ ሲፈጸም፣ እሱ እዚያው አርሊንግተን መካነ መቃብር ውስጥ ሌላ መቃብር እየቆፈረ ነበር።

ብሬስሊን ደመወዙን ባይጠይቅ ኖሮ ያ ጽሑፍ ምን ይተርፈው ነበር?

በብዙ ዜና ክፍሎች ትረካ የሚታሰበው ዘጋቢው ከተመለሰ በኋላ ነው። አርታኢው «ትንሽ ሕይወት ዝራበት» ይለዋል። ዘጋቢው ማስታወሻውን ቢገልጥ የባለሥልጣን ንግግርና የተሰብሳቢ ቁጥር ብቻ ያገኛል። ያኔ «ልብ የሚሰብር»፣ «እንባ የሚያራጭ» እያለ ቅጽል ይደረድራል። ያልተጠየቀን ነገር ግን ቅጽል አይተካውም።

ጋዜጠኛው ጆን ኸርሲ ስለ ሂሮሺማ ሲጽፍ ከእንዲህ ያለው ቃል ርቋል። ኒው ዮርከር መጽሔት እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 1946 ሙሉ እትሙን የሰጠለት ይህ ዘገባ ስድስት የተረፉ ሰዎችን ይከተላል። የአቶሚክ ቦምቡ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ሲፈነዳ አንዷ የቢሮ ሠራተኛ አጠገቧ ካለችው ልጅ ጋር ልታወራ ዘወር ብላ ነበር። ባሏ የሞተባት እናት ደግሞ በማድ ቤቷ መስኮት ጎረቤቷ ቤቱን ሲያፈርስ እያየች ነበር፤ የሚያፈርሰውም በአየር ድብደባ የሚነሣ እሳት እንዳይዛመት ነው። ኸርሲ ይህን ካስቀመጠ በኋላ ለአንባቢው «እዘን» አላለውም። ከዚህ የሚልቅ አክብሮት ማግኘት ያስቸግራል።

ዝርዝር ሲጠፋ መፍጠር ይመጣል። የዋሽንግተን ፖስቷ ጃኔት ኩክ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ አንድ የ8 ዓመት የሄሮይን ሱሰኛ ጻፈች፤ ፖሊስ ልጁን ቢፈልግም አላገኘውም። በ1981 የተሰጣት የፑሊትዘር ሽልማት ተመለሰ፤ ልጁ የፈጠራ ሰው ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የውኃ መቋረጥ ሊዘግብ የሚወጣ ወጣት አስቀድሞ የሚይዛቸው ጥያቄዎች ሊኖሩ ይገባል፦ ጀሪካኑን ማን ተሸከመው? ከየት እስከ የት? ስንት ተከፈለበት? ዛሬ ሳይታጠብ የቀረው ምንድን ነው? ከዚያም ጎረቤት ጠይቆ ያረጋግጥ።