ያነበቡት የጤና መረጃ ከየት መጣ?

«ሽፈራው የስኳር በሽታን ያድናል፤ በጥናት ተረጋግጧል» የሚል መልእክት በስልክዎ ደርሶዎት ያውቃል? ሽፈራው በኮንሶ የዘወትር ምግብ ነው። አደጋው ቅጠሉን መብላት ሳይሆን መልእክቱን አምኖ የታዘዘ መድኃኒትን ማቋረጥ ነው። ስለዚህ አስቀድመው የመረጃውን ምንጭ ይለዩ።

1. የምርምር ጽሑፍ

ተመራማሪዎች ለባለሙያዎች የሚጽፉት ነው። ከመታተሙ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች ይገመግሙታል። የጸሐፊዎቹ ስምና ተቋም፣ ጥናቱ የተሠራበት መንገድ እና የገንዘብ ድጋፉ ምንጭ ይገለጻል። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አንዱ ምሳሌ ነው።

ይሁን እንጂ ጥናት ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። በሽፈራው ላይ ከተደረጉት ብዙዎቹ በአይጦች ወይም በጥቂት ሰዎች ላይ ለአጭር ጊዜ የተሠሩ ናቸው። በአንጻሩ በ1998 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ሜትፎርሚን የተሰጣቸውን ወፍራም የስኳር ሕሙማን ለ10 ዓመት ያህል ተከታትሏል። በዋናነት በአመጋገብ ብቻ ከታከሙት ይልቅ በእነሱ ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምና ሞት ቀንሶ ተገኝቷል።

2. ለሕዝብ የሚቀርብ መረጃ

ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ዩቲዩብ እዚህ ይመደባሉ። ቋንቋቸው ቀላል ስለሆነ በሽታዎን ለመረዳት ይጠቅማሉ። ነገር ግን «በአይጦች ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት» የሚለው ርእስ ላይ ሲደርስ «መድኃኒት ተገኘ» ሊሆን ይችላል።

3. የሙያና የንግድ ጽሑፍ

ለፋርማሲ ባለሙያዎችና ለአስመጪዎች የሚዘጋጁ መጽሔቶች ገበያ ላይ የወጣውን አዲስ ምርት ያስተዋውቃሉ። ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ የሚያወጡባቸው አምራቾቹ ራሳቸው ናቸው። ሻጭ ለደንበኛ የሚያዘጋጀው በራሪ ወረቀት ደግሞ ዓላማው መሸጥ ነው። «ምንም ጉዳት የለውም» የሚል ቃል፣ የዳኑ ሰዎች ምስክርነት፣ መጨረሻ ላይ ዋጋና ስልክ ቁጥር ካዩ ማስታወቂያ ነው።

ራስዎን ይጠይቁ

- ማን ጻፈው? ሙያውስ ምንድን ነው?
- በሰው ላይ ተሞክሯል? በስንት ሰው፣ ለምን ያህል ጊዜ?
- ባምነው ገንዘብ የሚያገኘው ማን ነው?

ጥንቃቄ፦ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ኢንሱሊን ካቋረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ ወይም መፍዘዝ ካዩ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

መልእክቱን ለሐኪምዎ ለማሳየት አይፈሩ። መድኃኒት አቋርጠው ከሆነም ይንገሩን፤ ካላወቅን በትክክል ልናክምዎ አንችልም።