የጓሮ ኩሬያችሁን አትድፈኑት

ቤት ስትገዙ ጓሮው ውስጥ ቅጠል የሞላው፣ የሚሸት ኩሬ ታገኙ ይሆናል። «አፈር ሞልቼ ልገላገለው» አትበሉ፤ ቢጸዳ ልጆቻችሁ እንቁራሪትና አሳ የሚያዩበት ቦታ ነው።

መጀመሪያ ግን ደህንነት። ሕፃን ልጅ በ5 ሳንቲ ሜትር ውሃ እንኳ ሊሰጥም ይችላል። ዙሪያውን እጠሩት፤ አጥር ቢኖርም አዋቂ ከሌለ ልጅ አይጠጋ።

ጽዳቱን በመስከረምና በጥቅምት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ጀምሩ። በጸደይ እንቁራሪቶች እንቁላል ስለሚጥሉ ያን ጊዜ አትንኩት። ከላይ ያለውን ንጹሕ ውሃ ቀድታችሁ በበርሜል አስቀምጡ፤ አሳዎቹንም በዚያው ውሃ ጥላ ሥር አቆዩ። ጓንት አድርጋችሁ ጭቃውን አውጡና አንድ ሁለት ቀን ኩሬው ዳር ተዉት። በውስጡ ያሉት ነፍሳት ተመልሰው ይገባሉ፤ የቀረው ለጎመን መደባችሁ ጥሩ ፍግ ነው።

ሁሉንም ግን አትጥረጉ። እኛ ሬስቶራንት ውስጥ ቡሃቃ ስናጥብ እርሾ እንደምናስቀር፣ እናንተም ከአሮጌው ውሃና ከጭቃው ትንሽ አስቀሩ። ኩሬውን መልሶ ሕያው የሚያደርገው እሱ ነው። ሳሙናና በረኪና በፍጹም አይንካው።

ስትሞሉት የዝናብ ውሃ ይመረጣል። የቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ አሳ ይገድላል፤ ከቤት እንስሳት መደብር የክሎሪን ማጥፊያ ግዙ። በብዙ ከተሞች የሚጨመረው ክሎራሚን ስለሆነ ውሃውን ማሳደር ብቻ አይበቃም።

ልጆችስ? ባልዲ ማቀበልና የተገኘውን እንስሳ መቁጠር የእነሱ ሥራ ይሁን። ውሃው መጀመሪያ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ፤ የውሃ ተክል ጨምሩበት፣ ሲያድግ እየጠራ ይሄዳል።