ጭቃ የሚያድርበት ሻንሲ

የአይሱዙ ሞተር ቢደክም ይወርዳል፤ ፒስተንና ፋሻው ተቀይሮ ይመለሳል። ካምቢዮው ቢበላ ከሌላ መኪና የተፈታ ይገጠምለታል። ጋቢናው ቢጨማደድ ላሜራ ሠሪ ያቀናዋል። ሻንሲው ከተበላ ግን ይህ ሁሉ የሚታሰርበት ብረት ጠፍቷልና መኪናው ተበትኖ ለመለዋወጫ ይሸጣል። በእንጅባራና በዳንግላ ድንች፣ ከሰልና ማዳበሪያ ከሚያመላልሱት የአይሱዙ ኤንፒአሮች መካከል ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ አሉ። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ግብሩን ከፍ ካደረገ ወዲህ ደግሞ አንዱን አሮጌ በሌላ አሮጌ መተካት እንኳ ከብዷል። ያለውን ማቆየት የግድ ሆኗል።

ሻንሲ ከጋቢናው ሥር ተነሥተው እስከ ኋላ የሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ናቸው። በአንድ ጎናቸው ክፍት ሆነው እንደ ቦይ የታጠፉ ሲሆኑ፣ በመሐላቸው አግድም ብረቶች በሪቬት ይያያዛሉ። ባሌስትራው፣ የነዳጅ ጋኑና ካምቢዮው በእነሱ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ካሶኒውም በጣውላ ተደግፎ ከላያቸው ይቀመጣል። የታችኛው እጥፋት ጎማ የሚረጨውን ጭቃ ተቀብሎ ያስቀምጣል። ጣውላው ደግሞ ውኃ ጠጥቶ ለሳምንታት ብረቱ ላይ ተጣብቆ ይቆያል።

እንጅባራና ዳንግላ ያሉበት አዊ ለብረት ምቹ አገር አይደለም። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቀይ አፈሩ አሲዳማ ነው። የባንጃ ገበሬ ማሳውን በኖራ የሚያክመው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ያው አፈር ጭቃ ሆኖ ሻንሲ ላይ ሲለጠፍ ግን ኖራ የሚነሰንስለት የለም። ጭነቱም የራሱን ይጨምራል። ኤንፒኤስ ማዳበሪያ አሞኒየምና ሰልፌት አለበት፤ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰው ዱቄት እርጥበት ይስብና በካሶኒው ስንጥቅ ወርዶ ብረቱን ያነድዳል። ማዳበሪያ ያራገፈ መኪና በዚያው ቀን በንጹሕ ውኃ ቢታጠብ ምንኛ ይጠቅመዋል! ቀድሞ በአፍዴራ የጨው መስመር ላይ የሠራ መኪና ከሆነ ደግሞ አንድ እጥበት አይበቃውም። ጨው ከቀለም ሥር ከቀረ ቀለሙን አሳብጦ ይገለብጠዋል።

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ስለዚህ ዝናቡ መትቶት ቶሎ የሚደርቀው ክፍል ከሞላ ጎደል ደህና ነው፤ የሚበሰብሰው እርጥብ ሆኖ የሚያድረው ነው። ከሁሉ የከፋው ሁለት ብረት የተደራረበበት ቦታ ነው፦ የባሌስትራ ማሰሪያው፣ አግድሙ ብረት ከዋናው ጋር የሚገናኝበት፣ ለማጠናከሪያ የተደረበው ላሜራ። ዝገት ከወጣበት ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል፤ በመሐል ሲጠራቀም ብረቶቹን ፈልቅቆ ያራርቃል፣ ሪቬትም እስከ መበጠስ ይደርሳል።

በዓይን ማየት አይበቃም። መኪናው ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በትንሽ መዶሻ እያንኳኩ መሄድ ነው። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ድፍን ይላል፣ ቅርፊቱም ይራገፋል። የፍሬን ቱቦዎች ግን አይመቱም፤ ከሻንሲው ጋር የታሰሩበት ክሊፕ ተፈትቶ ከሥሩ ይታያል። እዚያ ጎርበጥ ብሎ የዛገ ቱቦ ይቀየራል እንጂ አይቀባም፤ በመንገድ ላይ የሚፈነዳው እሱ ነው።

ላይ ላዩን ብቻ የዛገው በሽቦ ብሩሽና በግራይንደር እስኪያበራ ይፋቃል፤ በዚያው ቀን አንቲረስት፣ ሲደርቅም ማጠናቀቂያ ቀለም ይቀባል። ዝገቱ ላይ በቀጥታ መቀባት በሽያጭ ሰሞን የሚዘወተር ነው፤ በእኔ እምነት ይህ ገዢውን ማታለል ነው፤ አደጋው ደግሞ ከገዢው አልፎ መንገደኛውን ያገኛል። ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ላይ ዝገት ለዋጭ ኬሚካል ይረዳል። አንዳንዱ ዝገት ለዋጭ የሚሠራው በታኒን ነው፤ ታኒን ዝገቱን ይዞ ወደ ጥቁር፣ የማይሟሟ ሽፋን ይለውጠዋል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ለከሰል የሚተክለው የዲከረንስ ዛፍ ቅርፊቱ በታኒን የበለጸገ ነው፤ ከሰሉን በሚጭነው መኪና ሥር የሚቀባው መድኃኒት ዘመድ እዚያው ማሳው ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቅርፊቱን ቀቅሎ መቀባት ግን ተመጥኖ የተዘጋጀውን አይተካም።

የተበሳ ሻንሲ ሌላ ጉዳይ ነው። የበሰበሰው እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ተቆርጦ ይወጣል እንጂ ላሜራ አይለጠፍበትም። የሚገባው ብረት ውፍረቱና ዓይነቱ ከነበረው ጋር መመሳሰል አለበት፤ ማጠናከሪያ ከተደረበበትም ጫፉ ሰያፍ ይቆረጣል፣ ምክንያቱም ሻንሲውን ቀጥ ብሎ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር ጭነት ሲበዛበት እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። የላይኛውንና የታችኛውን እጥፋት መብሳትም ሆነ መበየድ አምራቾቹ የሚከለክሉት ነው፤ ትልቁን ጫና የሚሸከሙት እነሱ ናቸውና። ሲበየድ የባትሪው ሽቦ ይነቀላል፣ ኤሌክትሮዱ ደረቅ ይሁን። እጥፋቱ ራሱ ከተበላ የሰፈር በያጅ ሥራ አይደለም።

የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥኖ ከሥር መርጨት ርካሽ ነው፣ ውኃንም ለጊዜው ያባርራል። ሆኖም የተቃጠለ ዘይት አሲድና ውኃ ያዘለ ነው፤ የፍሬን ጎማዎችንና ጎሚኒዎችን ያላላል፣ በመጀመሪያው ዝናብ ታጥቦም ወደ ጅረት ይገባል። በዚህ አካባቢ የሚፈሰው ውኃ ብዙው ወደ ዓባይ የሚወርድ፣ ሰውና ከብት የሚጠጣው ነው። ግሪስ ወይም አዲስ ዘይት በብሩሽ መቀባት ትንሽ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በተለይ ለእጥፋቱ ውስጥና ለመገጣጠሚያዎቹ ይሻላል።

የዚህ ሁሉ ሥራ ጊዜው ኅዳር ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ብዙ ሰው ጭቃው ደረቀ ብሎ ይተወዋል፤ የደረቀው ቅርፊት ግን ከሥሩ እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ የሌሊቱ ጤዛም ይመግበዋል። በላቫጆ ከሥር ወደ ላይ ማሳጠብ፣ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎቹን በሽቦ መክፈት፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ማቆም፣ ከዚያ መፋቅና መቀባት። ሲፋቅ የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ ግራይንደር አይንካው። በለስላሳ ብሩሽ ተጠርጎ ስስ ግሪስ ይቀባ፤ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ቁጥሩ ተነቦ ከሊብሬው ጋር መመሳከር አለበት።