ገጽ የሌለው መጽሐፍ

አጎቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ዐይናቸው ከደከመ ወዲህ ወፍራም መጽሐፍ መያዝ ትተው በስልክ ያነባሉ። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ስሄድ በረንዳው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው ስክሪኑን ወደ ቀኝ ሲገፉ፣ ወደ ግራ ሲመልሱ አገኘኋቸው። ፊደሉ እንዲታያቸው ገጹን ሲያሰፉት የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ሲያጠቡት ደግሞ ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። የሚያነቡት የአንድ ወዳጄን ልብ ወለድ ነበር፤ የላከላቸውም ራሱ ወዳጄ ነው።

«ልጄ፣ ይሄ ኢ-መጽሐፍ የምትሉት ነገር ለእኔ ዕድሜ አልተሠራም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ኢ-መጽሐፍ አይደለም» አልኳቸው። «ይሄ ፒዲኤፍ ነው።»

ልዩነቱን ለማስረዳት ያን ዕለት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ለስንቱ ሰው እንዳስረዳሁ አላስታውስም። አገራችን ውስጥ ኢ-መጽሐፍን የማያውቅ የለም የሚባለው ፒዲኤፍ በየቴሌግራሙ ስለሚዞር ነው። እውነተኛውን ኢ-መጽሐፍ በእጁ ይዞ ያነበበ አማርኛ አንባቢ ግን ጥቂት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1971 ማይክል ሃርት የተባለ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የአሜሪካን የነጻነት መግለጫ በኮምፒውተር ጽፎ ማንም እንዲወስደው አደረገ፤ ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት በዚያ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2007 አማዞን ኪንድል የተባለውን የኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ በ399 ዶላር ለገበያ አወጣ። በዚያው ዓመት ኢፐብ የሚባለው የኢ-መጽሐፍ ደረጃ ጸደቀ። እኔ የምወደው ይህን ኢፐብ ነው።

ፒዲኤፍን አልጠላውም። ለማተሚያ ቤት ከእሱ የሚሻል የለም። እ.ኤ.አ. በ1993 አዶቢ ያወጣው አንድ ገጽ እንደተቀናበረ፣ አንዲት ነጥብ ሳትዛነፍ፣ በየትኛውም ኮምፒውተርና በየትኛውም ማተሚያ እንዲወጣ ነው። ገጹ የደረቀ ነው፤ መድረቁም ሙያው ነው። ለኤ5 ወረቀት፣ ማለትም ለ14.8 በ21 ሳንቲሜትር የተቀናበረ ገጽ ግን 7 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ባለው ስልክ ላይ ሲወጣ ከመኮማተር በቀር ምርጫ የለውም። አጎቴ ሲታገሉ የነበረው ከመጽሐፉ ጋር አልነበረም፣ ከወረቀቱ ፎቶግራፍ ጋር ነው።

ኢፐብ ገጽ የለውም። ያለው ጽሑፍና መመሪያ ነው፤ ይህ የምዕራፍ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው ይላል፣ ሌላውን ለመሣሪያውና ለአንባቢው ይተዋል። ውኃ በእንስራ ሲቀዳ የእንስራውን፣ በብርጭቆ ሲቀዳ የብርጭቆውን ቅርጽ እንደሚይዝ ጽሑፉም የስክሪኑን ስፋት ይይዛል። ፊደሉን ሦስት እጥፍ ብታሳድገው መስመሩ ራሱን አጥፎ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ከስክሪኑ አይወጣም።

ማየት የሚፈልግ ሰው የአንድ ኢፐብ ፋይል ቅጂ ይውሰድና የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይሮ ይክፈተው። መጀመሪያ የምትቀመጠው ፋይል ይህ ኢፐብ ነው ብላ የምትናገር፣ 20 ምልክት ብቻ የያዘች ናት፤ ሌሎቹ ሲታመቁ እሷ ሳትታመቅ ትቀመጣለች። ከዚያ እያንዳንዱ ምዕራፍ እንደ አንድ ድረ ገጽ ተቀምጧል፤ የፊደሉን መልክ የሚወስን ፋይል አለ፤ ሽፋኑ አለ፤ ምዕራፎቹ በምን ተራ እንደሚነበቡ የሚናገር ዝርዝር አለ። መጀመሪያ የከፈትኩት ቀን ሰዓት ፈትቶ ውስጡን ያየ ልጅ የሚሰማው ዓይነት ደስታ ተሰምቶኛል። የሚደበቅ ነገር የለውም።

«ታዲያ ገጽ ከሌለው እንዴት እጠቅሳለሁ?» ብለው የሚጠይቁ ምሁራን አጋጥመውኛል። ለዚህ መልሱ ከእኛው ቤት አለ። መዝሙረ ዳዊት በመዳፍ በሚያዝ ትንሽ ብራናም፣ በአትሮንስ በሚዘረጋ ትልቅ ብራናም ሲጻፍ ኖሯል፤ የገጹ ቁጥር ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። ዳዊት የሚደግም ሰው ግን ስንት ገጽ እንዳነበበ አይናገርም፤ ስንት ንጉሥ እንደደገመ ነው የሚናገረው። 10 መዝሙር አንድ ንጉሥ ነው፤ 150ው መዝሙር 15 ንጉሥ ይሆናል። ጽሑፍን በራሱ ክፍል እንጂ በወረቀቱ አለመቁጠር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ምዕራፍና የአንቀጽ ቁጥር ያለው ኢ-መጽሐፍም እንዲሁ ይጠቀሳል።

አሁን ወደ ፊደላችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱ ቁጥር የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የፊደላት ዓለም አቀፍ ቁጥር ሰሌዳ፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የላቲን ፊደላትን ቁጥር ተውሰው በላያቸው የእኛን ፊደል መልክ ይሥሉ ነበር። የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ የእኛ ፊደል ከነዝርያው ከ230 በላይ ነው፤ ከቦታውም የተወሰነው ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደል አካሉ ለብቻ፣ ቅጥያው ለብቻ ሆኖ ከሁለት ቁራጭ ይገጣጠም ነበር። በዘመኑ ብልኃት ነበር፤ የሠሩትን ሰዎች አከብራለሁ፣ ያለ እነሱ ስንትና ስንት መጽሐፍ ባልታተመ ነበር። ለዐይን አማርኛ የሚመስለው ያ ጽሑፍ ለኮምፒውተሩ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ነው። ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ ስትለጥፈው እውነተኛ መልኩ ይወጣል።

የወዳጄ ልብ ወለድ እንዲህ ነበር የተጻፈው። ለአጎቴ ኢፐብ ላደርገው ብዬ የዛሬ 15 ዓመት በጻፈበት ፋይል ላይ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር ፕሮግራም አሄድኩ። አብዛኛው ተቃና። ከሁለት ቁራጭ የተሠሩት ፊደላት ግን ብዙ ቦታ ተሳከሩ፤ ገጸ ባሕርይዋ ስትሥቅ ታለቅሳለች፣ ወንዙ ሽቅብ ይወጣል። ከታተመው መጽሐፍ ጋር መስመር በመስመር እያመሳከርኩ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ደራስያን ሆይ፣ እባካችሁ፣ ዛሬም በድሮው ፊደል የምትጽፉ ካላችሁ ተዉት። ማተሚያ ቤቱ ስለተቀበለው ብቻ ጽሑፋችሁ ደኅና ነው ማለት አይደለም። የፊደሉን ፋይልም ከመጽሐፉ ጋር አብራችሁ አካቱ፤ አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት የፊደል ፋይሎች በነጻ ይገኛሉ። ይህን ካላደረጋችሁ አማርኛ በማያውቅ መሣሪያ ላይ የአንባቢያችሁ ዕጣ ባዶ ሳጥን ነው።

ዩኒኮድ ራሱም ቸልተኛን አያድንም። አራት ነጥብ አንድ ምልክት ነው፤ የራሱ ቁጥር አለው። ስንቱ ጸሐፊ ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ያደርገዋል! በወረቀት ላይ ማንም አይለየውም። ኮምፒውተሩ ግን ዐረፍተ ነገር አለቀ ብሎ አይረዳም፤ ቃል ተለየ፣ እንደገና ቃል ተለየ ብሎ ነው የሚያነበው። ለዐይነ ስውር ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ማረፊያውን በምን ይወቅ? ከአራት ነጥብ በኋላ ክፍት ቦታ የማይተዉም አሉ። ያኔ መሣሪያው ያለፈውን ዐረፍተ ነገር የመጨረሻ ቃልና የቀጣዩን መጀመሪያ እንደ አንድ ረጅም ቃል ይቆጥራቸዋል፣ ከመካከላቸው መስመር አይሰብርም፤ በትንሽ ስክሪን ላይ አንቀጹ ጥርሱ እንደረገፈ ሰው ይሆናል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ፍለጋ ነው። ኢ-መጽሐፍ ከሰጠን በረከት ትልቁ አንድን ቃል ከ400 ገጽ ውስጥ በአንድ አፍታ ማግኘት ነው። ደራሲው ምዕራፍ 1 ላይ «ዓለም»፣ ምዕራፍ 3 ላይ «አለም»፣ አንድ ቦታ «ፀሐይ»፣ ሌላ ቦታ «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ ግን ፍለጋው ግማሹን ይዘለዋል። በሞክሼ ፊደላት ክርክር ውስጥ አልገባም፤ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሊቃውንት አሉት። የምለምነው አንዱን መርጣችሁ እንድትጸኑበት ነው። የወዳጄ ጀግና «ኃይሉ» በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ነበር።

ይህን ለቅሞ ማረም በአሳታሚ ቤት የአርታኢ ሥራ ነው፤ በራስ ማሳተምና በአሳታሚ በኩል ማሳተም የሚለያዩትም ዋናው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ አሳታሚው ለደራሲው ቅድሚያ ይከፍላል፣ ያርማል፣ ሽፋን ያሠራል፣ ያከፋፍላል፤ ደራሲው ከጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ዋጋ በተለምዶ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያገኛል። ራሱ በአማዞን ኪንድል የሚያሳትም ደግሞ ዋጋውን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ካደረገ እስከ 70 በመቶ፣ ከዚያ ከወጣ 35 በመቶ ያገኛል፤ የሚያርምለት ግን የለም። ለምሳሌ ደራሲው አንዲ ዊር «ዘ ማርሺያን» የተሰኘ ልብ ወለዱን መጀመሪያ በራሱ ድረ ገጽ በየምዕራፉ አወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በኪንድል በ99 ሳንቲም ሸጠ፤ በ2014 አሳታሚ ወስዶ አተመው፣ በ2015 ፊልም ሆነ።

እኛ ዘንድ ነገሩ ይለያል። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መርጦ፣ አርሞ ያሳትም ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ደራሲ ተበድሮ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ስፖንሰር ለምኖ ለማተሚያ ቤት የሚከፍለው ራሱ ነው። በራስ ማሳተም ለአሜሪካኖች አዲስ ነገር ይሆናል፤ ለእኛ ደራስያን የዕለት ኑሮ ነው። የወዳጄ መጽሐፍ ያልተሸጡት ቅጂዎች ዛሬም አልጋው ሥር ናቸው። ኢ-መጽሐፍ የሚያስቀረው ይህን የወረቀትና የአልጋ ሥር ወጪ ነው። አርታኢውን አያስቀርም። ለወረቀት የሚወጣው ገንዘብ ሲተርፍ ግማሹ ለአርታኢ ይዋል የምለው ለዚህ ነው፤ ወዳጄም ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ተቆጥቶኝ ነበር።

ሌላው በአጭሩ፦ የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ (አይኤስቢኤን)፣ ማለትም በእኛ መጻሕፍት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 978-99944 ብሎ የሚጀምረው፣ ለኢ-መጽሐፉ ለብቻው ይወጣለታል፤ የወረቀቱን አትድገሙበት። የኢ-መጽሐፍ ክፍያም የስልክ ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ አገር ውስጥ ቀሏል።

የሰው መጽሐፍ ስካን አድርጋችሁ በቴሌግራም ለምትለቁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ፣ ለወራሾቹ ደግሞ ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የሥራውን ጥቅም ይጠብቃል። ቤሩትና ሪያድ ያሉ እኅቶቻችን መጽሐፍ የሚደርሳቸው የሰው ሻንጣ ሲገኝ ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ናፍቆቱ እውነት ነው። ደራሲው በትክክል የተሠራ ኢ-መጽሐፍ ቢያቀርብላቸው ግን ገዝተው ያነቡታል ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ ያለ ወረቀትም መጽሐፍ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሰኘው ልብ ወለድ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ መጽሐፉን በእጁ ያልነካ ሰው ገጸ ባሕርይዋን ሰብለ ወንጌልን ዐወቃት። ያ ሰው መጽሐፉን አላወቀውም የሚል አለ?

ሥራው ሲያልቅ ኢፐቡን ይዤ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። ፊደሉን የሚያሳድገውን ምልክት አሳየኋቸው። አንዴ ነኩት፣ ደገሙት፣ ሰለሱት። በአንድ ስክሪን ላይ ዘጠኝ መስመር ብቻ ቀረ፤ አንዱም አልተቆረጠም። መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ንባባቸውን ቀጠሉ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ አላናገሩኝም።

የታተመው የወዳጄ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የተለጠፈች «እርማት» የምትል ወረቀት አለች፤ 14 ስሕተት ተዘርዝሮባታል፣ ከብዙዎቹ ቅጂዎች ላይም ተገንጥላ ጠፍታለች። አጎቴ አሁን በየምዕራፉ የሚያገኙትን ስሕተት በስልክ ያስጽፉኛል፤ የመምህርነት አመላቸው አልለቀቃቸውም። እስከ ትናንት 31 ደርሷል። በዚያው ምሽት አርሜ አዲሱን ፋይል እልክላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ከፍተው፣ ቦታውን ፈልገው፣ መታረሙን አይተው ነው የሚተኙት።