የበዓል ዘይቱ ይቅርና የሳምንት ጎመን ስጧቸው

ከክትትል ክፍል አሁን ነው የወጣሁት፤ ሳልበርድ ልጻፈው።

የስኳርና የደም ግፊት ክትትል ያላቸው አንዲት እናት መጥተው ነበር። ክብደታቸው ወርዷል። ምን እየበሉ እንደሆነ ስጠይቃቸው «እንጀራ በሻይ» አሉኝ። ሙዝና ፓፓያ እርግፍ አድርገው ትተዋል። ልጃቸው ከአንድ የቴሌግራም ቻናል «ለስኳር በሽተኛ ፍራፍሬ መርዝ ነው» የሚል ጽሑፍ አንብቦላቸዋል። ከዘንቢላቸው ግን የቫይታሚን ሽሮፕ ወጣ፤ እሱን ለመግዛት ብር ተበድረዋል። በዚያ ብር ከመቱ ገበያ የስንት ቀን ጎመንና አቮካዶ ይገዛ ነበር!

እስቲ በቅደም ተከተል፦

1. ፍራፍሬ ለስኳር ታካሚ መርዝ አይደለም። ሳይጨመቅ፣ ከነአሰሩ፣ በመጠኑ ይበላል። ጭማቂ ሲሆን ነው ስኳሩ ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል፤ ዕድሜው ስለገፋ የተከለከለ ሰው የለም። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን ፖታሲየም ስለሚጠራቀምባቸው ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ዋርፋሪን የሚወስዱም ጎመንን አንድ ሳምንት አብዝተው አንድ ሳምንት ከመተው በተመሳሳይ መጠን ይብሉ።

2. ጥርስ ማጣት አትክልት አያስቀርም። አቮካዶ፣ ፓፓያና የተቀቀለ ዱባ በድድ ይበላሉ። ጎመን ደቆ ይከተፍ፣ የተቀቀለበት ውሃ አይደፋ። ሻይና ቡና ከምግብ ራቅ ይበሉ፤ በጎመንና በእህል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳሉ። ኢሉባቦር ውስጥ ቡና ተው አልልም፤ ሰዓቱን ብቻ ፈቀቅ አድርጉት።

3. ኢሉባቦር አትክልት አያጣም። ይህን ያህል ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው። በገበያ ቀን የገጠር እናቶች ጎመኑን፣ ጎደሬውን፣ ዱባውን፣ አቮካዶውን ተሸክመው ይመጣሉ፤ ያልሸጡትን ሲመሽ አራክሰው ጥለው ይሄዳሉ። ከገበያው ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ጡረታው ለቤት ኪራይ ያልበቃው፣ ወይም ከነአካቴው ጡረታ የሌለው ሽማግሌ እንጀራ በሻይ ይበላል። የጎደለው ትንሽ ብርና ዘንቢል የሚይዝለት ሰው ነው።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። በየበዓሉ «ማዕድ ማጋራት» ይባላል። አረጋውያን ይሰለፋሉ፣ ባነር ይዘረጋል፣ ዱቄት፣ ዘይትና መኮሮኒ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሳል። የሚሰጠውን ሰው አልነቅፍም፤ ዱቄትም ለተራበ ዱቄት ነው። ግን አንድም ጊዜ ጎመን ሲታደል አላየሁም። አንድ ኃላፊ ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «አትክልት ደረሰኝ የለውም» አሉኝ።

ደረሰኝ! መሬት ላይ ማዳበሪያ አንጥፋ ጎመን የምትሸጥ እናት ከየት አምጥታ ነው የግዢ ደረሰኝ የምትቆርጠው? ስለዚህ ለአረጋውያን የተያዘው ገንዘብ ማኅተምና ደረሰኝ ወዳለው ጅምላ አከፋፋይ ይሄዳል፤ ገበሬዋም አትሸጥም፣ ሽማግሌውም አትክልት አያገኝም። ለኦዲት የሚመች ምግብ ተመርጦ ነው አረጋዊ ቤት የሚገባው። ይህን ያህል ዓመት የኖረ ሰው የሚበላውን የሚወስንለት የፋይናንስ ክፍል መሆን አለበት? የሚያክመው ባለሙያስ ለምን አይጠየቅም?

ደግሞ መፍትሔ የታጣለት ነገር አይደለም። አሜሪካኖች ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነና 60 ዓመት ለሞላቸው ሰዎች ኩፖን ይሰጣሉ፤ ኩፖኑ የሚሠራው ከተመዘገቡ ገበሬዎች አትክልት፣ ፍራፍሬና ማር ለመግዛት ነው። ገበሬው ኩፖኑን መልሶ ብሩን ይቀበላል። ኩፖኑ ራሱ ሰነድ ስለሆነ የደረሰኝ ጭቅጭቅ የለም። ያ የሀብታም አገር ነው የሚል ካለ፣ እዚሁ አገራችን ውስጥ፣ አማራ ክልል፣ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ለሕፃናት በስልክ በሚላክ ቫውቸር ከአካባቢ ነጋዴ ትኩስ አትክልት፣ ፍራፍሬና እንቁላል እንዲገዙ አድርጓል። ለአረጋውያን የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሴፍቲኔትም አለ። በገጠር በ1997፣ በከተማ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ተጀምሯል፤ መሥራት ለማይችሉ አረጋውያን ሥራ ሳይጠየቁ ቀጥተኛ ድጋፍ እንዲከፈል ያኔውኑ ተደንግጓል። ገንዘብ መስጠት እናውቅበታለን ማለት ነው። ደረሰኝ የግድ ከሆነም ቴሌብር እያንዳንዱን ክፍያ ይመዘግባል።

እድሮቻችንስ? ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን አልጋ ላይ እንደዋለ ከቀበሌው በላይ ያውቃሉ። ገንዘብ ያዥ አላቸው፣ የአባላት ዝርዝር አላቸው። ድንኳንና ለቀስተኛ ከመድረሱ በፊት በሕይወት ላለው አባል በየገበያ ቀኑ አንድ ዘንቢል አትክልት መግዛት ደንባቸውን ትንሽ ማሻሻል ብቻ ነው የሚጠይቀው።

መቱ፣ ጎሬ፣ ሁሩሙ፣ በደሌ ያላችሁ የእድር ሰብሳቢዎችና የማዕድ ማጋራት አስተባባሪዎች፦ ለቀጣዩ በዓል ከያዛችሁት ገንዘብ ግማሹን ለየሳምንቱ አትክልት መድቡትና ከገበሬዎቹ እጅ በቀጥታ ግዙ። ለየትኛው ታካሚ ምን እንደሚገዛ ዝርዝሩን እኔ በነፃ አዘጋጃለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።